የጎረቤት ሳህን ለማን ይመለሳል? ባለውለታው ካረፈ በኋላ ስለሚቀረው ምስጋና

የአባዶ ነዋሪ (እሑድ ማታ)

የተከበራችሁ የዚህ መድረክ ተሳታፊዎች፣ ጥያቄዬ ትንሽ ቢመስልም ከጥቂት ወራት ወዲህ ዕረፍት ስለነሣኝ ከእናንተ ጋር ልመክርበት ወደድሁ።

ያደግሁት ልደታ አካባቢ በቀበሌ ቤት ውስጥ ነው። ግቢው የአምስት አባወራ፣ ቧንቧው አንድ፣ ግድግዳው ደግሞ የጎረቤት ሳል የሚያሰማ ጭቃ ነበር። የዐሥራ አንድ ዓመት ልጅ ሳለሁ እናቴ ታመመችና ስምንት ወር ያህል ከአልጋ አልተነሣችም፤ አባታችን ቀደም ብሎ አርፎ ስለነበር እኔንና ሁለት ታናናሾቼን የሚያበላ ሰው አልነበረም። ግድግዳ የምንጋራቸው ጎረቤታችን እንጀራ እየጋገሩ በመሸጥ አራት ልጆች የሚያሳድጉ ሴት ነበሩ። በእነዚያ ወራት ሁሉ፣ ማታ ዐሥራ ሁለት ሰዓት ገደማ ሲሆን፣ ጠርዙ ሰማያዊ የሆነ ነጭ የብረት ሳህን በሌላ ሳህን ከድነው በራችን ላይ ያስቀምጡና ድምፅ ሳያሰሙ ይመለሱ ነበር። አንኳኩተው ቢሰጡን እናቴ እንደምታፍር አውቀው እንደነበር የገባኝ ካደግሁ በኋላ ነው።

እናቴ የጎረቤት ዕቃ ባዶውን አይመለስም የምትል ሴት ነበረች። ከሰው ቤት ሰሃን ከመጣ፣ ሌላ ቢጠፋ እንኳ አንድ እፍኝ ቆሎ ወይም ትንሽ ሽሮ ሳታደርግበት አትመልስም ነበር። በዚያ ዓመት ግን የጎረቤታችን ሳህን በየማለዳው ታጥቦ ባዶውን ተመለሰ፤ መላሿም እኔ ነበርሁ።

እናቴ ዳነች። ሠፈራችን በመልሶ ማልማት ሲነሣ ለእኛ የካ አባዶ፣ ለእሳቸው ጀሞ ደረሰ፤ ከተማውን ከዳር እስከ ዳር ማቋረጥ ማለት ነው። መጀመሪያ ላይ በዓል በመጣ ቁጥር እንጠያየቅ ነበር፤ ኋላ በስልክ ሆነ፤ ከዚያ እሱም ቀረ። ማረፋቸውን የሰማሁት አርባቸው ከወጣ በኋላ ነው። የመጨረሻው ሳህን ግን ዕቃ ስንጭን ከእኛ ዕቃ ጋር ተቀላቅሎ እስከ ዛሬ ወጥ ቤቴ ውስጥ አለ።

የበኩር ልጃቸውን አፈላልጌ አገኘሁትና ለእህቶቹ ትምህርት የሚሆን ጥቂት ገንዘብ ልስጥ ብለው፣ በጨዋ ቃል እናቴ ዋጋ አልጠየቀችም ብሎ መለሰኝ። እኔም አፍሬ ተመለስሁ።

አሁን የማደርገው ይህ ነው። በእኛ ብሎክ ውሃ በፈረቃ ማክሰኞና ዓርብ ሌሊት ይመጣል፤ አራተኛ ፎቅ ላይ ብቻቸውን የሚኖሩ አንዲት አዛውንት አሉ፤ ውሃው እሳቸው ፎቅ ድረስ አይወጣም። ሁለት ጄሪካን ሞልቼ ንጋት ላይ በራቸው አስቀምጥና ሳላንኳኳ እወርዳለሁ። ይህ ለሟቿ የሚደርስ ምስጋና ነው? ወይስ ራሴን እያታለልሁ ነው?

---

ከምሥራቅ ጎጃም፣ የግብርና ባለሙያ (ሰኞ ጠዋት)

ጤና ይስጥልኝ እህቴ። ጥያቄዎን ሳነብ አብሬያቸው የምሠራቸው ገበሬዎች ለይተው የሚያውቋቸው ሁለት ሥርዓቶች ትዝ አሉኝ፤ ወንፈልና ደቦ።

ወንፈል ሂሳብ ያለው ነው። ዛሬ እርስዎ በእኔ ማሳ አንድ ቀን ካጨዱ፣ እኔም በእርስዎ ማሳ አንድ ቀን አጭዳለሁ፤ በሬዎን ይዘው መጥተው ከሆነ እኔም በሬዬን ይዤ እመጣለሁ። ባለተራው ቢታመም ወንድሙን ወይም የደረሰ ልጁን ይልካል እንጂ ቀኑ አይሰረዝም። አንድ አንድ በሬ ያላቸው ሁለት ሰዎች በመቀናጆ ሲያርሱም ተራው በቀን የተቆጠረ ነው፤ በዚህ ምክንያት የተኳረፉ ሰዎችን ለማስታረቅ ከሽማግሌ ጋር የተቀመጥሁበት ጊዜ አለ።

ደቦ ሌላ ነው። ባለማሳው እንጀራና ጠላ አዘጋጅቶ ይጠራል፣ የተጠራው ማጭዱን ይዞ ይመጣል፣ ማን ስንት ቀን እንዳለበት የሚመዘግብ የለም። በተለይ ባሏ የሞተባት ወይም ባሏ የታመመባት ሴት ጤፏ በኅዳር ደርሶ መርገፍ ሲጀምር፣ ጠላ የመጥመቅ አቅም እንደሌላት የሚያውቅ ሰው ጠላውን ከራሱ ቤት አስጭኖ ይመጣል። ይህን በዓይኔ ያየሁት ነው። ከዓመታት በኋላ የዚያች ሴት ልጅ ሲጎለምስ ማጭድ ይዞ ወደ ሌላ ሰው ማሳ ይወጣል። ያጨደላቸው ሰው ማሳ ላይሆን ይችላል፤ ማንም ዕዳህን ከፈልህ አይለውም፣ እሱም ከፈልሁ አይልም።

እርስዎን ያስጨነቀዎት፣ በደቦ የተሠራልዎትን በወንፈል መዝገብ ለመክፈል መሞከርዎ ይመስለኛል። የጎረቤትዎ ልጅም ገንዘቡን ያልተቀበለው እናቱ ያደረጉትን ወደ ቀን ሥራ ዋጋ ላለማውረድ ብሎ ሊሆን ይችላል።

ይህን ስል ገጠሩን ገነት ለማስመሰል እንዳልሆነ ይታወቅልኝ። በእኔ ወረዳ የደቦ ድግስ ከቀን ሠራተኛ ደመወዝ በላይ ወጪ እያስወጣ ስለመጣ ብዙ ሰው በገንዘብ ማሳጨድን መርጧል፤ በዚህም የሚጎዳው መጀመሪያም ገንዘቡ የሌለው ሰው ነው።

---

ተጠራጣሪው (ሰኞ እኩለ ቀን)

ከላይ የተጻፈው ደስ ይላል፤ ነገር ግን ይሉኝታ የሚባለውን ነገር የረሳነው ይመስለኛል። እኛ አገር በጎ ከሚባለው ሥራ ስንቱ ከምስጋና፣ ስንቱስ ሰው ምን ይለኛል ከሚል ፍርሃት እንደሚመነጭ ማን ለይቶ ያውቃል? በእኛ እድር ቀብር ላይ ስም ይጠራል፤ ያልተገኘ ይቀጣል። ለቅሶ የምደርሰው ለኀዘንተኛው አዝኜ ነው ወይስ ከቅጣቱ ለመዳን? እውነቱን ለመናገር ሁለቱንም ሆኜ የሄድሁበት ቀን ይበዛል።

ሌላው ደግሞ በቅርቡ የመጣው ነው። አንድ ሊትር ዘይትና ሁለት ኪሎ ፓስታ ለመስጠት ካሜራ የሚያስቀድሙ፣ የተቀባዩን እንባ ለሕዝብ የሚያሳዩ ሰዎች ሞልተዋል። ቀኝህ የምትሰጠውን ግራህ አትወቅ የሚለውን ሁላችንም በቃል እናውቀዋለን፤ ስልክ ስንይዝ ግን እንረሳዋለን።

ለጠያቂዋ ግን ከዚህ የተለየ ጥያቄ አለኝ፤ በቅንነት እንዲወስዱልኝ እለምናለሁ። ሳላንኳኳ እወርዳለሁ ብለዋል። ካሜራ ከያዙት ሰዎች በተቃራኒ መቆምዎን አደንቃለሁ። ይሁን እንጂ እኚህ አዛውንትም እንደ እናትዎ የጎረቤት ዕቃ ባዶውን አይመለስም ብለው ያደጉ ሰው ቢሆኑስ? ጄሪካኑን ማን እንዳመጣው ካላወቁ ምን ጨምረውበት፣ ለማንስ ይመልሱታል? እርስዎ በልጅነትዎ ባዶ ሳህን መመለስ እንዴት እንዳሳፈረዎት በደንብ ጽፈዋል። አሁን ያንኑ እፍረት አራተኛ ፎቅ ድረስ ተሸክመው እያወጡት እንዳይሆን እሰጋለሁ።

---

የእድር ጸሐፊ (ሰኞ ማታ)

ተጠራጣሪው ወንድሜ ስለ እድር የጻፉት ስለሚመለከተኝ ዝም ማለት አልቻልሁም። እድራችንን በጸሐፊነት ሳገለግል ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ሆኖኛል፤ ስም የምጠራውም እኔ ነኝ።

ቅጣቱ ለምን እንደገባ ልንገርዎት። ቅጣት ባይኖር ኖሮ የነጋዴው ቀብር መንገድ ሲዘጋ፣ የጥበቃ ሠራተኛው አስከሬን በዐሥር ሰው ይሸኝ ነበር። ስም የምንጠራው ድሃውና ሀብታሙ በእኩል ሰው እንዲሸኙ ነው። ድንኳኑ ያው ድንኳን ነው፣ ወንበሩም ያው ወንበር ነው፣ ጡሩምባውም የሚነፋው በአንድ ዓይነት ድምፅ ነው። ከፍርሃት የመጣ ሰው እንኳ ቢሆን ኀዘንተኛው ግቢው ሞልቶ ያያል፤ ለእሱ በዚያ ሰዓት የሚያስፈልገውም ይኸው ነው።

በ1990ዎቹ ኤችአይቪ በየቤቱ ሲገባ የሆነውን የዛሬ ወጣቶች አያውቁትም። ቀብሩ በዝቶ የብዙ እድሮች ካዝና ተራቆተ። ያን ጊዜ በርካታ እድሮች ሰው እስኪሞት ከመጠበቅ ይልቅ በሕይወት ሳለ መጠየቅ፣ የታመመውን ቤቱ ድረስ ሄዶ ማጠብና ማብላት፣ ወላጅ ያጡትን ሕፃናት ማስተማር ጀመሩ። በእኛም እድር በግንባር ቀደምትነት የወጡት ራሳቸው ኀዘን የደረሰባቸው እናቶች ነበሩ። ልጃቸውን ስንቀብር የተሰበሰበውን ሰው ያልረሱ ሴቶች፣ ሰው ሁሉ ዕቃቸውን መንካት የፈራቸውን ሕሙማን ልብስ በእጃቸው ያጥቡ ነበር። ያንን በቅጣት ማስደረግ አይቻልም፤ በመተዳደሪያ ደንባችንም ላይ አልተጻፈም ነበር።

አንድ ነገር ከልምዴ ልጨምር። እድር ሦስት ቀን ነው። በሦስተኛው ቀን ድንኳኑ ይፈርሳል፣ ወንበሩ ይቆጠራል፣ የጎደለ ማንኪያ ካለ በእኔ መዝገብ ይገባል። በኀዘንተኛው ቤት እነዚያን ቀናት ምግብ የሚያመጣው ጎረቤት ነው፤ ከዚያ በኋላ ግን ቤቱ ድንገት ጸጥ ይላል። ባለቤቴ ያረፈች ጊዜ፣ በሁለተኛው ሳምንት ማለዳ አንድ ጎረቤቴ የተቆላ ቡና በወረቀት ጠቅልሎ መጣና ብዙም ሳይናገር አብሮኝ ተቀመጠ። ከዚያ ወዲህ በመዝገቤ ኅዳግ ላይ በየቀብሩ ዐሥራ አምስተኛውን ቀን ምልክት አደርጋለሁ፤ ቀኑ ሲደርስም ቡና ይዤ እሄዳለሁ። ጎረቤቴ ዛሬም በሕይወት አለ፤ ስለዚህ ነገር ግን አንድም ቀን ተነጋግረን አናውቅም።

---

ሲልቨር ስፕሪንግ (ማክሰኞ ጠዋት)

ሰላም ለሁላችሁ። ከሜሪላንድ ነው የምጽፈው። በ2006 ዓ.ም. ዲቪ ደርሶኝ ስመጣ ዋሽንግተን ደለስ አውሮፕላን ማረፊያ የተቀበለኝ ሰው በሥጋ የማይዛመደኝ፣ የአክስቴ ጎረቤት የነበረ የታክሲ ሹፌር ነው። ሌሊቱን ሲሠራ አድሮ ነበር የመጣው። አንድ መኝታ ባላት አፓርትመንቱ ስድስት ሳምንት አኖረኝ፤ ሶሻል ሴኩሪቲ ቢሮ ራሱ ወሰደኝ፤ እሑድ ከሰዓት በኋላ ባዶ መኪና ማቆሚያ ላይ መንዳት አስተማረኝ። የመጀመሪያ ደመወዜን ይዤ ስሄድ ፊቱ ተለወጠ። ለእኔ ያደረገልኝ ሌላ ሰው ነበር፣ አንተም ሲመጣ ለሚመጣው ታደርጋለህ አለኝና ወደ ምግቡ ዞረ።

አደረግሁ። ሆኖም የምናዘዘው ነገር አለኝ፤ የተቀበልኋቸውን ሰዎች ስም ስልኬ ላይ እመዘግብ ነበር። ዐሥራ አንድ ሲደርሱ አንዷ ሴት ሥራ ካገኘች በኋላ ስልኬን ማንሣት አቆመችና ውለታ ቢስ ናት ብዬ በየሰው ቤት አማሁዋት። በኋላ እንደሰማሁት ሁለት ፈረቃ እየሠራች ለእናቷ መድኃኒት ትልክ ነበር። ዝርዝሩን ያጠፋሁት ያን ጊዜ ነው። ከጎጃም የጻፉት ወንድማችን በቋንቋቸው ሲያስቀምጡት፣ እኔ ደቦ ወጥቻለሁ እያልሁ በጎን ወንፈል ስቆጥር ነበር ማለት ነው።

አመሰግናለሁ ስለሚለው ቃልም አንድ ነገር። እዚህ አገር ሰው በር ቢይዝልህም፣ ቡና ቢሸጥልህም፣ ራስህ ከፍለህ እንኳ ታመሰግናለህ፤ መልካም ልማድ ነው፣ ለምጄዋለሁ። ባለፈው ክረምት ለዕረፍት ስሄድ እናቴ ጎርሳ ስታጎርሰኝ አመሰግናለሁ ብላት እጇ አየር ላይ ቆመ። እንግዳ ሆንህብኝ አለችኝ። በቤተሰብ መካከል ያ ቃል በር እንደመዝጋት ይሰማል። የእኛ ሰው ውለታ ሲቀበል የሚለው እግዚአብሔር ይስጥልኝ ነው፤ ልብ ብላችሁ ካያችሁት ደግሞ በእኔ ፈንታ እሱ ይስጥህ ማለት ነው። ተቀባዩ መክፈል እንደማይችል አምኖ ዕዳውን ከእሱ ለሚበልጥ ያስተላልፋል። አያቴ በዚህ ላይ ብድርህን ይክፈልልኝ ትጨምርበት ነበር። በእነዚህ ቃላት ሁሉ ውስጥ እከፍልሃለሁ የሚል የለም።

---

ከደሴ (ማክሰኞ ማታ)

አሰላሙ ዐለይኩም፣ ጤና ይስጥልን። እኛ ዘንድ ባዶ ዕቃ ያለመመለስ ነገር ሌላ ብልሃት ይጠይቃል፤ ምክንያቱም በአንድ አጥር ውስጥ ሙስሊምና ክርስቲያን ስለምንኖር በአንዱ የታረደውን ሌላው አይበላም። እናቴ በፋሲካ ከክርስቲያን ጎረቤታችን ዳቦና ማር ይመጣላት ነበር፤ ሥጋ እንደማይሄድ ሁለቱም ያውቃሉና ማንም አይጠይቅም። በአረፋ እናቴ ሳህኑን ስኳርና ተምር ሞልታ ትመልሳለች። ሠርግ ሲሆን ለሌላው ወገን ለብቻው ይታረዳል፣ አራጁም ከራሳቸው ወገን ይጠራል፣ ድስቱም ይለያል። አንድ ጊዜ ጎረቤታችን ልጃቸውን ሲድሩ በግ ከነነፍሱ ገዝተው በገመድ እየጎተቱ ቤታችን ድረስ አመጡና ለእናንተ እንግዶች እናንተው እረዱ ብለው ሄዱ።

ይህን ያነሣሁት፣ ምስጋና ሰጪው ደስ የሚለውን ሳይሆን ተቀባዩ መቀበል የሚችለውን መፈለግ እንደሆነ ስለማስብ ነው። ለውለታ ብዬ የማይበላውን ባቀርብለት ሳህኑ ሞልቶም ባዶ ነው። የእኛ እናቶች ይህንን በትምህርት ቤት አልተማሩትም፤ ጠዋት በአንዷ ቤት፣ ከሰዓት በሌላዋ ቤት ቡና ሲጠጡ፣ ማን በጾም ላይ እንደሆነ፣ ማን የስኳር ሕመም እንዳለበት፣ የማን ልጅ ፈተና እንደወደቀ ሲሰሙ ነው የለመዱት። ለማመስገንም ቢሆን መጀመሪያ ሰውዬውን ማወቅ ያስፈልጋል። ስለዚህ ከተጠራጣሪው ወንድሜ ጋር እስማማለሁ፤ እህቴ፣ ያንኳኩ።

---

የሥነ ልቦና መምህር (ረቡዕ)

በዚህ ክር ላይ የተነሣው የወንፈልና የደቦ ልዩነት ከምናስተምረው ጋር መገናኘቱ ስላስገረመኝ ጥቂት ልበል። ሞኒካ ባርትሌትና ዴቪድ ዴስቴኖ የተባሉ ተመራማሪዎች በ2006 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት ሰዎችን አሰልቺ የኮምፒውተር ሥራ አሠርተው፣ ልክ ሲጨርሱ ኮምፒውተሩ የተበላሸ እንዲመስል አደረጉ። ድካማቸው ሁሉ ከንቱ ሊሆን ሲል፣ ተሳታፊ መስሎ አጠገባቸው የተቀመጠ ሰው ችግሩን ፈልጎ ያስተካክልላቸዋል። ከዚያ በኋላ ረጅምና አድካሚ መጠይቅ እንዲሞሉ ሲለመኑ፣ ውለታ የተዋለላቸው ሰዎች ካልተዋለላቸው ይልቅ ረዘም ላለ ጊዜ ለመርዳት ፈቀዱ። የሚያስደንቀው፣ ለማኙ ያስተካከለላቸው ሰው ሳይሆን ፈጽሞ የማያውቁት ሰው በሆነ ጊዜም የበለጠ መርዳታቸው ነው።

ከሦስተኛው ሙከራ የተገኘው ውጤት ግን ለእኔ ከዚህም ይበልጣል። ሰዎቹ ቀደም ሲል ማን እንደረዳቸው፣ የአመስጋኝነት ስሜታቸውም ከየት እንደመጣ ሲታወሳቸው፣ ለማያውቁት ሰው የሚሰጡት እርዳታ ቀነሰ። አንድ ጥናት ነውና ሁሉን ነገር አልሰቅልበትም፤ ሆኖም ምስጋና ወደ ሌላ ሰው የሚሻገረው ሂሳቡ ሳይነሣ እንደሆነ ያመለክታል ብዬ አነባለሁ። የእድሩ ጸሐፊና የቡና ጎረቤታቸው አንድም ቀን ስለ ጉዳዩ አለመነጋገራቸውን ሳነብ ይህ ሙከራ ነበር የታወሰኝ።

የምስጋና ማስታወሻ ደብተር መያዝን ለተማሪዎቼ አልከለክልም። ነገር ግን ብቻውን ክፍሉን ዘግቶ ዛሬ ያመሰገንሁባቸው ነገሮች ብሎ የሚጽፍ ሰው፣ ጽፎ ሲጨርስ በሩን ከፍቶ ካልወጣ ግማሽ መንገድ ላይ የቆመ ይመስለኛል።

---

ከጂዳ የተመለሰች (ረቡዕ ማታ)

እኔ ብዙ መጻፍ አልችልም። በ2006 ዓ.ም. ከሳዑዲ ዐረቢያ ከ160,000 በላይ ኢትዮጵያውያን በወራት ውስጥ ሲመለሱ እኔም አንዷ ነበርሁ። ቦሌ ስደርስ የያዝሁት አንድ ፌስታል ነበር። አንዲት የማላውቃት ሴት ምንም ሳትጠይቀኝ ስልኳን ሰጠችኝና ለእናትሽ ደውዪ አለችኝ። ሥራዋን ትታ፣ እኔ እያለቀስሁ ሳወራ፣ ሒሳቡ እስኪያልቅባት ጀርባዋን ሰጥታኝ ቆመች። ጀርባዋን የሰጠችኝ እንዳላፍር ነው።

ፊቷን አላስታውሰውም፤ ስለዚህ ባገኛትም አላውቃትም። አሁን የምኖረው ከቦሌ ብዙም ሳይርቅ ነው። ሻንጣ ይዛ፣ አለባበሷ የዐረብ አገር የሆነ፣ ግራ የተጋባች ልጅ ታክሲ ውስጥ ካየሁ ስልኬን አውጥቼ እሰጣታለሁ። ከዚያም ወደ መስኮቱ እዞራለሁ።

---

የአባዶ ነዋሪ (ቅዳሜ ከሰዓት)

የጻፋችሁልኝን ሁሉ ደጋግሜ አነበብሁት። ተጠራጣሪው ወንድሜ በጻፉት መጀመሪያ ተከፍቼ ነበር፤ ሁለት ቀን ካሰብሁበት በኋላ ግን ልክ እንደሆኑ ስላመንሁ ዓርብ ንጋት ላይ ጄሪካኖቹን ተሸክሜ ወጣሁና አንኳኳሁ።

አዛውንቷ በሩን ከፍተው እኔንና ጄሪካኖቹን በየተራ አዩና፣ አንቺ ነሽ እንዴ ብለው ግድግዳውን ተደግፈው ሳቁ። ለካ እስከ ዛሬ ውሃውን የሚያወጣላቸው የብሎካችን የጥበቃ ሠራተኛ መስሏቸው ኖሯል። እሱም ማታ ማታ ስለሚዞርና በባሕርዩ ዝምተኛ ስለሆነ ተጠርጥሮ ነው። ከሦስት ወር ጀምሮ በየቅዳሜው ዳቦ እየጋገሩ፣ ከሻይ ጋር አስይዘው በአንድ ልጅ እጅ ሲልኩለት ነበር። እሱ ደግሞ ለምን እንደሚልኩለት ሳያውቅ፣ መጠየቁንም ነውር አድርጎት፣ ደረጃቸውን ይጠርግ፣ ከሰል ሲገዙ ተሸክሞ ያወጣላቸው ነበር። እሳቸውም ይህን ሲያዩ ዳቦውን አተለቁት።

ቡና ካልጠጣሽ አትወርጂም አሉኝና ተቀመጥሁ። የሰማያዊ ጠርዙን ሳህን ታሪክ የነገርኋቸው ሁለተኛው ጀበና ላይ ነው። ዝም ብለው አዳመጡኝና ስለ ጎረቤታችን ነፍስ ይማር አሉ፤ ከዚያ እኛም አሮጌው ቄራ ሳለን እንዲህ ያለ ሳህን ነበረን ብለው ስለራሳቸው ሠፈር ብዙ አወሩኝ። ሦስት ዓመት በአንድ ደረጃ ስንወጣና ስንወርድ፣ ከእኔ ቤት ሁለት ፎቅ ብቻ ከፍ ብሎ ይህ ሁሉ ወሬ ተቀምጦ እንደነበር አላውቅም ነበር።

ማታውኑ ሳህኑን አጥቤ ሽሮና ጥቂት የቤት በርበሬ አድርጌበት ላክሁላቸው። እስካሁን አልተመለሰም። በሥርዓቱ መሠረት ባዶውን ስለማይልኩት ገና እየተዘጋጁበት እንደሆነ እገምታለሁ።

የጎረቤታችን ልጅ ጋርም ደወልሁ። ስለ ገንዘብ ምንም አላነሣሁም፤ ሳህኑ ከእኛ ዕቃ ጋር ተቀላቅሎ እንደቀረ ብቻ ነገርሁት። ሰማያዊ ጠርዝ ያለው ነው አለኝ፤ አዎ አልሁት። ለጊዜው ዝም አለና፣ ከስድስቱ አንዱ ጠፍቷል እያለች እናቴ ስትፈልገው ትኖር ነበር አለኝ። በመጪው እሑድ ከእህቶቹ ጋር ሊመጣ ተቀጣጥረናል፤ ጀሞ ሩቅ ስለሆነ ምሳ ላይ ይደርሳሉ።

---

ተጠራጣሪው (ቅዳሜ ማታ)

ደስ ብሎኛል። አንድ ጉዳይ ግን አልገባኝም፤ የጥበቃ ሠራተኛው ነገር ምን ሆነ? እውነቱ ከወጣ በኋላ ዳቦው ተቋረጠበት?

---

የአባዶ ነዋሪ (ቅዳሜ ማታ)

ዳቦው አልተቋረጠም፤ አዛውንቷ ስለ ደረጃው ነው ብለውታል። እሱ ግን ነገሩን ሲሰማ በጣም አፍሮ ዛሬ ወደ እኔ መጣና፣ ከእንግዲህ የማክሰኞውን ውሃ የማወጣው እኔ ነኝ፣ እርስዎ ዓርብ ያውጡ አለኝ። ተስማምቻለሁ። ጄሪካኖቹን ግን የት እንደማስቀምጥለት እስካሁን አልተነጋገርንም።

---

የእድር ጸሐፊ (እሑድ ጠዋት)

ከደረጃው ሥር ያስቀምጡለት፤ ክዳናቸው ላይ የቤት ቁጥርዎን በቀለም ይጻፉበት። ፈረቃው በደረሰ ሌሊት ጄሪካን የማይቀላቀልበት ብሎክ የለም።